ያየሁትና የሰማሁት፦ ከልደታ እስከ ሚሌ ማዶ

ከመንገድ ከተመለስኩ ወዲህ የእድራችን ሴቶች ሻይ ቤቴ እየመጡ «አፋር እንዴት ነው? ሙቀቱስ? ልጅቷስ?» ይሉኛል። ለአንዷ ስነግር ሌላዋ ትገባለች፤ እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምር ስል የፊተኛዋ ሻይዋን ጨርሳ ትሄዳለች። ስለዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ጎረቤቴ ጋሽ ግርማ «አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልጻፍልሽ» ብሎኝ ነበር። ጋሽ ግርማ ሲጽፍ ግን ሰው ሁሉ «አመልካች» ይሆናል፣ ለቅሶው እንኳ በተራ ቁጥር ነው። አመስግኜ እኔው ራሴ እጽፈዋለሁ አልኩት።

የሄድኩበት ምክንያት ይህ ነው። ልጃችን ሕይወት አዋላጅ ነርስ ናት። አፋር ውስጥ ከሚሌ አለፍ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ መንደር ጤና ጣቢያ ተመድባ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ አገኘላትና «ቶሎ መልስ ስጡኝ፣ ቦታው ይያዛል» አለን። ባለቤቴ ታደሰ «ትምጣ» አለ። ሕይወት በስልክ «አልመጣም» አለች። ታደሰ እግሩን ስለሚያመው ሩቅ መንገድ አይችልም። በመጨረሻ እኔ አይቼ እንድመለስ ተስማማን።

«ያየሽውን ትነግሪኛለሽ፣ ከዚያ እቆርጣለሁ» አለኝ።

ሕይወት ደግሞ ደውላ፣ «እማዬ፣ አባዬ አንቺ በምትነግሪው ነው የሚወስነው። እባክሽ እንደ ወትሮሽ አታውሪ» አለችኝ።

ወትሮዬ ይታወቃል። ፈሪ ነኝ፤ ወሬዬም የሚጀምረው ከድንጋጤው ነው። «ጉድ ሆንን! ለጥቂት ተረፈ!» ብዬ እገባና ማን ከምን እንደተረፈ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። ታደሰ «አንቺ ስታወሪ እኮ ሰውየው ሳይታመም ነው ድንኳን የሚተከለው» ይለኛል።

የመጀመሪያው ቀን

ከልደታ ስነሳ ገና አልነጋም ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን በር ተሳልሜ ሚኒባስ ያዝኩ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ የያዘውን ማዳበሪያ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እንጫነው ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ረዳቱ «እናት፣ ወርቅ ነው እንዴ?» ሲለኝ «ከወርቅ በምን ያንሳል?» ብዬ እግሬ ሥር ከተትኩት። እስከ አዋሽ ድረስ ጉልበቴ አገጬ ላይ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠችው ዘሃራ ትባላለች። የወሎ ልጅ ናት፣ ቤቷ ጠመንጃ ያዥ ነው፣ ሚሌ እየተመላለሰች ጨርቅ ትሸጣለች። ሰፈራችን ጎን ለጎን ሆኖ የተዋወቅነው እዚያ ወንበር ላይ ነው። አዳማን አልፈን ሙቀቱ ሲጀምር አንዱ ከኋላ መስኮት ከፈተ፣ እኔ ዘጋሁት። ከፈተ፣ ዘጋሁት።

«እትዬ፣ ኧረ ሰው ተቀቀለ!» አለች ዘሃራ።

«ንፋስ ይመታኛል ልጄ።»

«ይሄ ንፋስ አይደለም፤ የምድጃ ትንፋሽ ነው። ይኼ ማንንም አይመታም።»

አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። እኛ ጋ በሐምሌ ብርድ የተከፈተ የታክሲ መስኮት ደረት ይይዛል። ይህን ሕግ ይዤ መተሃራ ደረስኩ። ከሸንኮራው ማሳ አጠገብ ስናልፍ ነጠላዬ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበርና መስኮቱን ራሴ ከፈትኩት። ማንም ምንም አላለኝም፤ ዘሃራ ብቻ ወደ ሌላ በኩል ዞራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ታደሰ «ጨለማ ውስጥ እንዳትጓዢ» ስላለኝ አዋሽ አደርኩ፤ ዘሃራም በማግስቱ አብራኝ ልትሄድ እዚያው ቀረች። የማደሪያው ባለቤት ደልዳላ፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴት ናት። «እናቴ፣ አልጋዎን ግቢ ላውጣልዎ?» አለችኝ።

«ውጭ? ምነው፣ ከቤት የተባረርኩ መሰልኩሽ?»

ግቢው ውስጥ አልጋዎች ተደርድረው ሰዎች ገና በጊዜ ጋደም ብለው ያወራሉ። እኔ ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ትንሽ ቆይቶ ሴትዮዋ አንሶላ ውኃ ነክራ፣ ጨምቃ አመጣችልኝና «ይልበሱት» አለች። እኛ ሰፈር እርጥብ ለብሶ የተኛ ሰው ለመታመም የቆረጠ ነው። ስለተቸገረችልኝ አፍሬ ለበስኩት። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ልደታም ተኝቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ቀን

ይህን ቀን በጥንቃቄ እጽፈዋለሁ።

ከአዋሽ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ አንድ የጭነት መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ በጎኑ ተኝቶ አየሁ። ሽንኩርት ጭኖ ነበር። ሽንኩርቱ ቁልቁል ተንከባልሎ ፍየሎች ያሸቱታል። ሹፌሩ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልክ ያወራል፤ ምንም አልሆነም። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ወዲያው ከኋላዬ ያለች አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ባለፈው ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ ተገልብጦ ሰው አልቋል አሉ» ስትል ሰማሁ። የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ አላለችም። እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የተቀመጥኩበት አውቶቡስ ሲገለበጥ ነበር የሚታየኝ።

ገዋኔን አልፈን ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም አየር አልነበረውም፤ ሹፌሩ ሌላ እስኪመጣለት መጠበቅ ግድ ሆነ። ስልኬ መስመር አልነበረውም። ዘሃራ ለሶላት ወደ ዛፍ ጥላ ራቅ አለች። በዚያ መሃል ሽርጥ ያገለደመ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው መጣ። ሁመድ እንደሚባል በኋላ ነው ያወቅኩት። ከሹፌሩ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ተቀምጠው፣ በአፋርኛ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ እየሰማ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ጠብ ያለባቸው ሰዎች የሚታረቁ መስሎኝ ነበር። ረዳቱን ጠየቅኩት።

«ዳጉ ነው እናት። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ያየውን የሰማውን ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። ከሬዲዮ ይፈጥናል።»

እኛ ጋ «እንዴት አደርሽ» የሚለኝ ሰው መልሴን ሳይሰማ የፍርድ ቤቱን በር ያልፋል።

ሁመድ ወደ እኔ መጣ። አማርኛ ያውቃል። ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የሚለው፣ ንቀት ግን የለበትም። «እናቴ፣ ከየት መጣሽ? መንገዱ ላይ ምን አየሽ?»

«ኧረ ተወኝ ልጄ! ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ ተገልብጦ ሰው አልቋል!»

«በዓይንሽ አየሽው?»

«በዚህ በዓይኔ!»

እኛ ሰፈር «ሰማሁ» ያለ ሰው ወሬው አይደመጥለትም። «በዓይኔ» የምንለው እንዲሰሙን ነው፤ ጠያቂም ያንን ያውቃል። ሁመድ ግን አላወቀም። ደረቱንም አልመታ፣ «ወይኔ»ም አላለ። የት አካባቢ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ሽንኩርቱ የነበረበትን ቦታ ነገርኩት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የነገርኩትን ለራሱ ደገመው። ከዚያ በዚያ የሚያልፍ አይሱዙ አስቁሞ ወጣና ወደ ሚሌ አቅጣጫ ሄደ። ጎማችን እስኪመጣ ሌላ ብዙ ሰዓት ቆየን።

ዘሃራ ሚሌ ወረደች። እኔ የሕይወት መንደር ስደርስ ፀሐይ ማዘንበል ጀምራለች። ጤና ጣቢያው ሁለት ክፍል ነው። ደጁ ላይ ሴቶች ተሰብስበዋል፤ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር የአልጋውን ብረት ይዛ ታምጣለች። ልጄ የለችም። ዘበኛው ማዳበሪያዬን እየተቀበለኝ አማርኛ ሲፈልግ ቆየና፣

«ሲስተር ሄደች» አለኝ። «ዳጉ መጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ ተገለበጠ፣ ሰው አለቀ። እናቷ ዛሬ ትመጣ ነበር፣ ስልኳ እምቢ አለ፤ እዚያ ውስጥ ናት አለች። መድኃኒት ይዛ በመኪና ሄደች።»

«እናቷ እኔ ነኝ» አልኩት።

ያን ቀን መንገድ ላይ ሁለት መኪና እንደተላለፈ ማን ያውቃል? እሷ እኔን ፍለጋ ስትወርድ እኔ ወደ እሷ እወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ የማውቀውን ነው ያደረግኩት። እጄን ታጥቤ ገባሁ፣ የሴትዮዋን ወገብ ያዝኩላት። አማቷ፣ አንዲት ቀጭን አሮጊት፣ በሌላ በኩል ያዘቻት። ቋንቋ አልነበረንም። ምጥ በመጣ ቁጥር ሁለታችንም በሩን እናያለን። ለዚህች ልጅ አዋላጇን ያሳጣኋት እኔ መሆኔን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሕይወት ሳይመሽ ደረሰች። ከመኪናው ዘልላ ወረደች፣ በሩ ላይ እኔን አየች፣ ቆመች። ፊቷ በአቧራና በእንባ ቡራቡሬ ሆኗል። አንዴ ጥብቅ አድርጋ አቀፈችኝና እጇን ልትታጠብ ገባች። ልጁ በደህና ተወለደ፤ ወንድ ነው።

«ማነው ይሄን ወሬ የፈጠረው? ባገኘው!» አለች ሲረጋጋ። «እስከ ገዋኔ መቃረቢያ ድረስ ሄድኩ፣ ከአዋሽ የሚመጡትን ሹፌሮች ሁሉ ጠየቅኩ፣ የተገለበጠ አውቶቡስ የለም! ይህቺ ልጅ ብትሞትብኝስ?»

እኔ ውኃዬን ጠጣሁ። ውኃው ሙቅ ነበር፤ እሱን ብቻ ተናገርኩ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት የአራሷ አማት ባል ሼህ ሐሰን መጡ። ረጅም፣ ጺማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ናቸው። ከእሳቸው ጋር ሁመድ አለ። አንገቱን ደፍቷል።

ሼህ ሐሰን ወሬው የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ሲመረምሩ ነው ያደሩት። ይህን የነገረህ ማነው? እሱንስ? እያሉ ሁመድ ላይ ደረሱ። ሁመድ ደግሞ «አንዲት የአዲስ አበባ እናት በዓይኔ አየሁ ብላኛለች» አላቸው። ሕይወት ቋንቋቸውን ለምዳለች፣ እያስተረጎመች ሳለ ድምፅዋ መሃል ላይ ቆመ።

«እማዬ? አንቺ ነሽ?»

መካድ እችል ነበር። የምትመሰክርብኝ ዘሃራ እንኳ ሶላት ላይ ነበረች። ግን ሁመድን አየሁት። ሕይወት ቀስ ብላ፣ «እዚህ አገር ውሸት የተገኘበት ሰው ከእንግዲህ ዳጉው አይወሰድለትም። መንገድ ላይ ሲያገኙት አይጠይቁትም» አለችኝ። ሰውን በቁሙ ዝም እንደማሰኘት ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ በዓይንሽ አየሽ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አዎ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሕይወት ስታስተረጉም አላየችኝም። ሼህ ሐሰን ግን አልተቆጡም። ምንጣፍ አስነጠፉ፣ የግመል ወተት አስመጡ፣ ሁመድን ፊት ለፊቴ አስቀመጡትና «እንደገና ንገሪው» አሉኝ።

ጀመርኩ። «ወይ ጉዴ፣ ጎማው ሲፈነዳ...»

እጃቸውን አነሱ። «ስትነሺ የት ነበርሽ?»

«አዋሽ።»

«ከዚያ ጀምሪ። መጀመሪያ ያየሽውን ብቻ።»

የጭነት መኪናውን ነገርኳቸው። በየትኛው ጎኑ እንደተኛ ጠየቁኝ፤ ሹፌሩ የት እንደነበር፣ ምን እንደጫነ። ሽንኩርቱን፣ ፍየሎቹን፣ ስልኩን ተናገርኩ። ማንም አላቋረጠኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ተሰምቼ አላውቅም፤ ሻይ ቤቴ ውስጥ ሦስት ቃል ሳልናገር አንዱ «ሒሳብ!» ይላል።

«አሁን የሰማሽውን። ከማን እንደሰማሽ ጭምር።»

የሴትዮዋን ነገር ተናገርኩ። ስሟን እንደማላውቅ፣ የትና መቼ እንዳላለች።

የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ግን ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። «አባቴ፣ የፈራሁትንስ ከየትኛው ላስገባው?» አልኩ። «ትናንት የተናገርኩት እኮ ያየሁትንም የሰማሁትንም አይደለም። የፈራሁትን ነው።»

ሕይወት ይህን ስታስተረጉም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ሽማግሌው አሰቡ።

«እሱንም ተናገሪው» አሉ። «ፍርሃትም ወሬ ነው። ብቻ ፈራሁ ብለሽ ተናገሪው።»

ተናገርኩት። ከዚያ ሁመድ የነገርኩትን አንድ ሳያጎድል በአፋርኛ መለሰው፤ ሕይወት በጆሮዬ ትነግረኛለች። ሽንኩርቱ አለ፣ ፍየሎቹ አሉ፣ ፍርሃቴም በቦታው አለ። የራሴን ወሬ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ወሬ ሆኖ ሳገኘው ገረመኝ። ሁመድ ተነሳ፣ እጄን ጨበጠኝና አዲሱን ዳጉ ይዞ በመጣበት መንገድ ሄደ።

ሼህ ሐሰን ሊሄዱ ሲሉ ሳቁ። ሕይወት ልታስተረጉም አልፈለገችም፤ አስገደድኳት። «እናትሽ ፈጣን ናት፣ ወሬዋ ከራሷ ቀድሞ ደረሰ» ነው ያሉት።

አራተኛው ቀን

ይህን ቀን በሙሉ ያዋልኩት በማየት ነው። ውኃ በበርሜል ከሩቅ እንደሚመጣ አየሁ። ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ብረት እንደሚያቃጥል አየሁ። ሕይወት የምትተኛበትን ክፍል አየሁ፤ ከእኛ ጓዳ ያንሳል፣ ግን ከእኛ ጓዳ ይልቅ ንጹሕ ነው። ጫማዬን ላጠልቅ ስል ከውስጡ ጊንጥ ወጣ። ጩኸቴን መንደሩ ሰምቷል። ሕይወት በጫማዋ ተረከዝ መታችውና «ጫማ ከማጥለቅ በፊት ይራገፋል እማዬ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ምሳ ላይ ያመጣሁትን ሽሮ ሠራሁላት። ስንበላ፣ «በይ ተለማመጂ። እኔ አባዬ ነኝ» አለችና እግሯን ዘርግታ ጉልበቷን እያሸች ተቀመጠች፤ ቁርጥ ታደሰ።

«ከአዋሽ ስንነሳ...» አልኩ።

«ኤጭ! አሳጥሪው ሴትዮ! ልጅቷ ትመጣለች አትመጣም?»

«ቆይ፣ በተራ ነው።»

«ተራ? የት ነው የተማርሽው እሱን?»

ሳቅን። ውኃውን ነገርኳት፣ ሙቀቱን ነገርኳት። ጊንጡ ላይ ስደርስ ግን መሳቋን አቆመች።

«እማዬ፣ እሱን ተይው። አባዬ ጊንጥ ከሰማ ሌላውን አይሰማም።»

«አይቼዋለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን በእሱ ምክንያት ብትወስጂኝስ?»

ልቤ ተከፈለ። ልጄ ለምናኝ አታውቅም። ከትናንት ወዲያ ያልሆነውን ጨምሬ ሰው ካስጨነቅኩ፣ ዛሬ የሆነውን ቀንሼ ልናገር ማለት ምን ልዩነት አለው? «እነግረዋለሁ» አልኳት። «የጫማሽን ተረከዝም እነግረዋለሁ።»

ሳህኑን አነሳች።

መልስ

በነጋታው ሕይወት አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችኝ። ስትስመኝ «በተራ፣ እሺ?» አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም። መንገዱ ላይ መስኮቴ ክፍት ነበር። አዋሽ ያደርኩበት ቤት ሴትዮ ሳልጠይቃት አንሶላ ነክራ ጠበቀችኝ፤ በዚህኛው ጊዜ አልጋዬን ግቢ አስወጣሁ። በማግስቱ ልደታ ስደርስ ዝናብ ነበር። ብርዱ እንግዳ ሆነብኝ፤ በር ላይ ያገኘኝ ጋሽ ግርማ «ጠቆርሽ» አለ። «አየኸው» አልኩት።

ታደሰ ወንበሩን አቅርቦ ጠበቀኝ። «እህስ? ትመጣለች?»

«ከመጀመሪያው ነው የምነግርህ።»

ከመጀመሪያው ነገርኩት። ያየሁትን አየሁ ብዬ፣ የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁ ጨምሬ። የሁመድን ነገር አልደበቅኩም፤ ወላዷን አዋላጅ ያሳጣኋት ላይ ስደርስ ራሱን ያዘ። ጊንጡ ላይ ስደርስ ከወንበሩ ተነሳ።

«ጊንጥ! ልጄ ጊንጥ ያለበት ቤት ነው የምትተኛው? በቃ፣ ትምጣ!»

«ተቀመጥ። ገና አልጨረስኩም።»

በትዳራችን ዘመን እንደዚያ ብዬው አላውቅም። ተቀመጠ። የጫማዋን ተረከዝ ነገርኩት።

ጉልበቱን እያሸ፣ «ደስ ብሏታል?» አለኝ።

«ደስ ብሎኛል ስትል ሰምቻለሁ። ያየሁትን ልንገርህ። ልጁ ከተወለደ በኋላ ደጃፉ ላይ ከአሮጊቷ ጋር ተቀምጣ ያመጣሁትን ዳቦ ቆሎ ይበሉ ነበር። የመንገዱ አቧራ ገና ፊቷ ላይ ነው። አሮጊቷ በቋንቋቸው አንድ ነገር አለቻት፣ ሕይወት መለሰች፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። እዚህ ቤት ግን እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።»

«አንቺስ?»

«እኔ ፈራሁ» አልኩት። «እንደማትመለስ ፈራሁ። ይህ የእኔ ፍርሃት ነው፣ ከእሷ ነገር ጋር አትደባልቀው።»

ያን ምሽት ምንም አልወሰነም። ጠዋት የአክስቱ ልጅ ደወለ። ድምፁ ከፍ ያለ ሰው ነው፣ «ምን ወሰናችሁ? ነገ ቦታው ይያዛል!» ሲል ከማድቤት ይሰማኛል።

«ይያዝ፣ እሷ አትመጣም» አለ ታደሰ። ሰውየው ብዙ ተናገረ፤ ሙቀት አለ፣ በረሃ አለ፣ «አንተ ምን አውቀህ ነው?» አለ።

«እኔማ አላየሁም» አለ ታደሰ። «ያየችው ጥሩወርቅ ናት። ጊዜ አለህ? ትንሽ ይረዝማል፣ እንዳታቋርጣት።»

ስልኩን ዘረጋልኝ። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ተቀበልኩት።

«ከልደታ ስነሳ ገና አልነጋም ነበር» አልኩት።